ከውል ክርክር ወደ ጉምሩክና ማዕቀብ ሕግ ልዙር ወይ ብዬ ጠይቄ 34 መልስ መጣብኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ በዝቶ፣ ከመሃልም የተደመሰሰ ስላለ፣ አዲስ የሚገባው ሰው ሁሉ ማን ለማን እንደመለሰ ግራ እየገባው በውስጥ መስመር ይጠይቀኛል። ስለዚህ እንዳለ በራሴ አፍ ላውራው፣ የማንንም ጽሑፍ አልገለብጥም፣ ያዛባሁት ካለ እዚሁ ስር አርሙኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ረጅም ነው፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

መጀመሪያ የጠየቅኩት ይሄን ነበር። ጠበቃ ነኝ፣ አምስት ዓመት የውል ክርክር ሠርቼ ሰለቸኝ። አሁን ዓለም አቀፍ ንግድ፣ ጉምሩክና ማዕቀብ ወደሚሠራ ቡድን የመግባት ዕድል አለኝ። ግን ሦስቱ በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ ሦስት የማይገናኙ ሙያዎች ናቸው፣ ጉምሩኩማ ጭራሽ የትራንዚተር ሥራ እንጂ የጠበቃ አይደለም ብዬ ደፍሬ ጻፍኩ። ለድፍረቴ ምክንያት ነበረኝ። አንዴ አንድ አስመጪ ድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት መጥቶበት፣ ዲክላራሲዮኑ ላይ የተሞላው የታሪፍ ኮድ (የቀረጡን መጠን የሚወስነው የዕቃ ምድብ ቁጥር) ልክ አይደለም ተብሎ የቀረጥ ልዩነትና ቅጣት ሲጠየቅ ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። ኢንቮይሱ የሚለው ፊልተር ብቻ ነው። እኔም ፊልተር የማሽን ዕቃ ነው ብዬ የታሪፍ መጽሐፉ ምዕራፍ 84 ላይ ሙጭጭ አልኩ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ የሌላ አገር ውሳኔ ስፈልግ ዓይኔ ቀላ። በመጨረሻ ናሙናው መጣና ካርቶኑን በመቀስ ቀድጄ ከፈትኩት፣ ውስጡ ያለው በክብ በክብ የተቆረጠ ነጭ ወረቀት ነው። ወረቀት! ላቦራቶሪ ውስጥ ፈሳሽ የሚያጠሉበት፣ ሲነኩት ጣት ላይ ስስ ብናኝ የሚተው ወረቀት። እሱ ደግሞ ምዕራፍ 48 ነው፣ አለቀ ደቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይሄ ነገር የእኔ አይደለም ብዬ ደምድሜ ነበር።

1ኛው መልስ ሁለት መስመር ነው፣ መልካም ዕድል ብሎ ሄደ። እግዜር ይስጠው።

2ኛው ወንድሜ እያለ ነው የጻፈልኝ (ሴት ነኝ፣ ግን ተውኩት)። ሦስቱ አይገናኙም ያልኩትን በአንድ ኮንቴነር አፈረሰው። ኮንቴነሩ ወደብ ላይ እንደቆመ ነው የሚጠየቀው አለ፤ ምንድን ነው፣ ስንት ተገዛ፣ የት ተሠራ የሚለው ጉምሩክ ነው፤ ከማን እጅ ወጣ፣ ማን ይቀበለዋል፣ ገንዘቡ በየትኛው ባንክ በኩል አለፈ የሚለው ማዕቀብና የኤክስፖርት ቁጥጥር ነው፤ ይሄን ያህል ቀረጥ የጣለው መንግሥት ለሌሎች አገሮች የገባውን ቃል አፍርሷል ወይ የሚለው ደግሞ የንግድ ሕጉ ነው። ወረቀቱ ግን ያው አንድ ኢንቮይስ፣ ያው ፓኪንግ ሊስት፣ ያው ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ) ነው። ልክ ነው፣ ምንም የምለው የለኝም።

3ኛዋ ሁለቱንም ሥራ የሠራች ናት፣ በ2ኛው ግማሽ ተስማምታ ግማሹን ነቀለችው። ወረቀቱ አንድ ቢሆንም ኑሮው አንድ አይደለም አለች። የጉምሩክ ክርክር ዓመታት ይወስዳል፣ ተረጋግቶ መጻፍ ይቻላል፤ የማዕቀብ ስልክ ግን ዓርብ ማታ ነው የሚጮኸው፣ መልሱ ደግሞ ሰኞ ባንክ ሳይከፈት ይፈለጋል። የ2022ን የካቲትና መጋቢት አነሳች። አሜሪካ፣ አውሮፓ ኅብረትና እንግሊዝ እየተከታተሉ ሩሲያ ላይ የታገዱ ሰዎችና ድርጅቶች ዝርዝር ሲያወጡ ጠዋት ይቻላል ብላ የጻፈችውን ማታ አይቻልም ብላ ትሰርዝ ነበር፣ የደንበኛዋ ጭነት ደግሞ ባሕር ላይ ነው፣ መርከብ መሃል ላይ አቁም አይባል። የአራት ዓመት ልጇ ስልክ በጮኸ ቁጥር ማዕቀብ መጣ እያለ ወደ ሌላ ክፍል ይሮጥ ነበር። ይሄን ሳነብ ስቄያለሁ፣ ከዚያ ደግሞ አልሳቅኩም።

4ኛው ተቆጣ። ሃያ ዓመት በትራንዚተርነት የሠራ ሰው ነው፣ የትራንዚተር ሥራ ያልኩት እንደ ስድብ ነው የገባው፣ ፍርዱም ልክ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የጉምሩክ አስፈጻሚ ፈቃድ ለማግኘት በአራት ሰዓት ተኩል 80 ጥያቄ ሠርቶ 75 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው፣ ፈተናው ላይ የታሪፍ መጽሐፉን መግለጥ ተፈቅዶ እንኳ አብዛኛው ተፈታኝ ይወድቃል፣ አንቺ የምትንቂውን ሥራ ጠበቆች መጥተው የሚጠይቁት እኛን ነው አለ። ፊልተሩንም እሱ ዘንድ ይዤው ብሄድ በአምስት ደቂቃ ይነግረኝ እንደነበር ሳይጨምር አላለፈም።

5ኛው የራሴ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ። ሴት መሆኔንም እዚሁ ተናገርኩ፣ 4ኛው ከኔ በፊት በምን እንዳወቀ ግን እስካሁን አልገባኝም።

6ኛው የሕግ ተማሪ ነው፣ ክሩን ወደ ራሱ ሕልም ወሰደው። ለጆን ጃክሰን የዓለም ንግድ ድርጅት የችሎት ውድድር እየተዘጋጀ ነው፣ ጄኔቫ ሄዶ አገሮችን ወክሎ መከራከር ነው ፍላጎቱ፣ የት ልመዝገብ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀ። 7ኛው ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ሰባት ዳኛ የነበረው የድርጅቱ የይግባኝ አካል አሜሪካ አዲስ ሰው አይሾምም ብላ ስለያዘችው በ2019 ታኅሣሥ አንድ ሰው ብቻ ቀረው፣ አንድ ይግባኝ ለማየት ደግሞ ሦስት ያስፈልጋል፣ ስለዚህ የተረታው አገር ይግባኝ ይልና ፋይሉ ሰሚ በሌለበት ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ልጄ ሆይ የሞተ ቤት ደጃፍ ነው የምታንኳኳው የሚል መንፈስ ያለው ነገር ጻፈ።

8ኛዋ እዚህ ላይ ገብታ ሁለቱንም አረጋጋች። ይግባኙ ቆመ እንጂ የመጀመሪያው ደረጃ ፓነል ይሠራል፣ ከ2020 ጀምሮም የተወሰኑ አባል አገሮች በግልግል ይግባኝ የሚሰሙበት የጋራ ስምምነት አላቸው። ከሁሉ በላይ ግን የንግድ ሕግ ጠበቃ እንጀራ ጄኔቫ አይደለም፣ የፀረ ዳምፒንግ (ዕቃን ከመደበኛ ዋጋው አሳንሶ ወደ ሌላ አገር የመላክ) እና የድጎማ ምርመራ የሚካሄደው በየአገሩ ባለሥልጣን ዘንድ ነው፣ እዚያ ላይ ነው ጠበቃ የሚከፈልበት ሰዓት የሚሞላው አለች። ለተማሪውም ከ2001 ጀምሮ ጄኔቫ ውስጥ ለታዳጊ አገሮች በዓለም ንግድ ሕግ ምክር የሚሰጥ ራሱን የቻለ ማዕከል መኖሩን ጠቆመችው። ተማሪው አመስግኖ ጠፋ፣ ኋላ ላይ ይመለሳል።

9ኛው መልስ የክሩ ልብ ነው ብል አላጋነንኩም። ጡረታ የወጡ የጉምሩክ ሰው ናቸው፣ ስማቸውን አልጻፉም፣ ከዚያ በኋላ ግን ክሩ በሙሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ 4ኛው ሳይቀር ረገብ ብሎ እርስዎ ማለት ጀመረ። ጋሼ የታሪፍ መጽሐፉን ከስሩ አስረዱን። የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ያወጣው የተስማማው ሥርዓት (ሃርሞናይዝድ ሲስተም የሚባለው የዕቃ ኮድ ማውጫ) ከ1988 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በየትም አገር አንድ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደፈለገ ይቀጥላል። ከ5000 በላይ የዕቃ ምድብ አለው። ምዕራፎቹ እስከ 97 ይቆጠራሉ፣ 77 ግን ለወደፊቱ ተብሎ ባዶ የተተወ ነው፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ምዕራፍ 77ን አንብበህ ና ብለው ይልኩት እንደነበር አጫወቱን። በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፣ አሁን የምንሠራበት የ2022 እትም ነው፣ ቀጣዩ በ2028 ይጀምራል። የመጀመሪያው የአተረጓጎም ደንብ ደግሞ የክፍልና የምዕራፍ ርዕሶች ለፍለጋ እንዲመቹ የተቀመጡ ናቸው፣ የሚያስረው የአንቀጹ ቃልና ማስታወሻዎቹ ናቸው ይላል፣ ጠበቃ ርዕስ አንብቦ ነው የሚወድቀው አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። የፊልተሩ ታሪክ የሚያሳፍር እንዳልሆነ፣ የሚያሳፍረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ናሙና መጠየቄ እንደሆነ በጨዋ ቋንቋ ነገሩኝ። እሳቸው ሥራ ላይ እያሉ መሳቢያቸው ውስጥ ማግኔት፣ አጉሊ መነፅር፣ ሰንጢና ላይተር ነበር። ማግኔቱ ብረት ነው የተባለው ነገር የምር ብረት ይሁን አይሁን ይነግራል። ላይተሩ ለጨርቅ ነው። ከጨርቁ ጫፍ አንድ ክር ይመዝዙና ያቃጥሉታል፣ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ለስላሳ ነው፤ ሱፍ ከሆነ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ይንጠባጠብና ሲበርድ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። የመጨረሻው ቃል የላቦራቶሪ ነው፣ ግን ላቦራቶሪ መላክ ይገባው አይገባው የሚወስነው ያ ሽታ ነበር። ማንኛውም ፋይል ሲመጣላቸው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ዕቃው የታለ የሚል ነበር፣ ሕጉ ቀጥሎ ይመጣል።

እኔ ይሄን መልስ ሦስቴ ነው ያነበብኩት። አምስት ዓመት ውል ስሠራ ውሉ የሚያወራበትን ዕቃ አንድ ቀን በዓይኔ አላየሁም ነበር።

ከ10 እስከ 14 ጨዋታ ሆነ። 10ኛው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1893 ቲማቲም በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ ቢሆንም ለቀረጥ ሲባል አትክልት ነው ያለበትን ፍርድ አመጣ፣ ሁሌም የሚመጣ ነገር ነው። 11ኛው የኤክስ ሜን (ልዩ ኃይል ያላቸው የአሜሪካ የሥዕል ታሪክ ጀግኖች) አሻንጉሊቶችን አነሳ፣ ድርጅቱ ጀግኖቹ ሰዎች ናቸው ብሎ ተከራክሮ አሸነፈ አለ። 12ኛዋ የለም ነገሩ ግልባጩ ነው ብላ አረመችው፤ በጊዜው የሰው አምሳል አሻንጉሊት 12 ከመቶ፣ ሌላው መጫወቻ 6.8 ከመቶ ይከፍል ስለነበር አስመጪው ራሱ ነው ሰው አይደሉም ብሎ የተከራከረው፣ በ2003 የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤትም ተስማማለት፣ የተቆጡት አፍቃሪዎቹ ናቸው። 11ኛው ምን ለውጥ አለው ብሎ አኮረፈ። ኧረ ለውጥ አለው፣ ጠበቃ ሆነህ ማን ምን እንደተከራከረ ገልብጠህ ስታወራ!

13ኛው ሳቁን አቆመው። የመኪና አምራቹ ፎርድ፣ ትራንዚት ኮኔክት የምትባለዋን መኪና ከኋላ ወንበር ገጥሞ እንደ ሰው መጫኛ 2.5 ከመቶ ከፍሎ ያስገባና ወደቡን እንዳለፈ ወንበሩን ነቅሎ የዕቃ መጫኛ አድርጎ ይሸጥ ነበር፣ የዕቃ መጫኛው ቀረጥ 25 ከመቶ ነበር። በ2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መንግሥት ትክክል ነው አለ፣ በ2024 ኩባንያው 365 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። የኤክስ ሜኑ ጠበቃ ብልህ ተባለ፣ የፎርዱ ጉዳይ ኪሳራ ሆነ፣ ታዲያ መስመሩ የት ነው ብሎ ጠየቀ። 14ኛው መልስ የዚያችው የ3ኛዋ ነው። ዕቃውን ከምር ለውጦ ሠርቶ ዝቅ ያለ ቀረጥ መክፈል በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ሲገባ አንድ ሆኖ ከገባ በኋላ ሌላ የሚሆን ነገር ግን ለጉምሩክ የታየው መልክ የይስሙላ ነው ወይ የሚል ጥያቄ ያስነሳል አለች። ደንበኛ መጥቶ ይሄን ብሠራስ ሲላት የምትጠይቀው ገዢው ይሄን ነገር ይጠቀምበታል ወይ ብላ ነው። ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሰው አለ?

15ኛው ወደ ማዕቀብ መለሰን። ባንክ ውስጥ ስም ሲያጣራ የኖረ ነው። ከዐረብኛና ከሩሲያኛ ወደ ላቲን ፊደል የተገለበጠ ስም አንዱ በአምስት ዓይነት ይጻፋል፣ ማሽኑ ሁሉንም ይይዛል፣ ከተያዘው ውስጥ አብዛኛው ምስኪን ሰው ነው። አንዱ ስሙ ዝርዝር ውስጥ ካለ ሰው ጋር አንድ ሆኖ፣ የትውልድ ዓመቱ በሃያ ዓመት ተለያይቶ እንኳ ክፍያው ሳምንታት ቆሟል። መርከብ ላይ ደግሞ ስም አትመኑ አለ፣ መርከብ ስሙንም ባንዲራውንም ይለውጣል፣ ዕድሜውን ሙሉ የማይለወጠው ሰባት አኃዝ ያለው የአይኤምኦ (የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት) ቁጥሩ ነው፣ እሱን ፈልጉ። እዚህ ድረስ ወርቅ ነበር። ከዚያ ግን ስለ ኩባንያዎች ሲያስረዳ ዝርዝር ውስጥ ያለ ሰው ከ50 ከመቶ በላይ የያዘው ኩባንያ ይታገዳል ብሎ ጻፈ።

16ኛው ዘሎ ያዘው። የአሜሪካው ኦፋክ (የግምጃ ቤቱ የማዕቀብ ቢሮ) የሚለው 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ነው፣ ልክ ሃምሳ የሆነውም ይታገዳል፣ በዚያ ላይ ይደመራል፣ አንዱ የታገደ ሰው 25 ሌላው የታገደ ሰው 25 ቢይዙ ኩባንያው ታግዷል፣ ባንክ ውስጥ እንዲህ እያሰብክ ከሆነ አምላክ ይጠብቃችሁ አለው። ያችን የመጨረሻዋን ባይጨምር ጥሩ ነበር። 15ኛው በስልክ ነው የጻፍኩት ብሎ ተሳደበ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። 17ኛው ደግሞ አራሚውን አረመ። እንግሊዝ ውስጥ መለኪያው ከ50 በላይ ነው፣ ቁጥጥርም ይታያል፣ ማለትም አንድም አክሲዮን ሳይኖረው ኩባንያው በፈቃዱ የሚያድርለት ሰው ካለ ሊያሳግደው ይችላል፣ ኦፋክ ግን ቁጥጥርን ብቻውን አይቆጥርም፣ መደመሩም እንግሊዝ ላይ እንዲሁ በደረቁ አይሠራም። ስለዚህ አንዱ ኩባንያ በአንዱ አገር ሕግ ታግዶ በሌላው ነፃ ሊሆን ይችላል፣ ደንበኛሽ ደግሞ ሁለቱም አገር ባንክ አለው። ሥራው ይሄ ነው አለኝ። እኔም ሦስቱን መልሶች ወረቀት ላይ ሳጥን ስዬ ነው የተረዳኋቸው።

18ኛው ላይ አየሩ ተለወጠ። እዚህ የተሰበሰባችሁት የሀብታም ወንጀለኛ በር ጠባቂዎች ናችሁ፣ የታገደን ሰው ገንዘብ ለማስለቀቅ ሕግ ተማራችሁ ብሎ ገባ። ለማንም አልመለሰም፣ ለሁላችንም ነው። 19ኛዋ በትዕግሥት ካዲ የሚባለውን የሳዑዲ ነጋዴ ጉዳይ ነገረችው። ሰውየው በ2001 የተባበሩት መንግሥታት ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ ገንዘቡ ታገደ፣ በምን ማስረጃ እንደሆነ አልተነገረውም፣ የሚሰማው ችሎትም አልነበረም፤ በ2008 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የመደመጥና የመከላከል መብቱ ተጥሷል አለ፣ በ2012 ከዝርዝሩ ወጣ። ጠበቃ ባይኖረው ማን ይጠይቅለት ነበር አለች። 20ኛው ከሌላ ጎን መጣ፣ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ነው። ችግሩ የታገደው ሰው ሳይሆን ያልታገደው ነው አለ፣ መድኃኒት በሕግ የተፈቀደ ሆኖ ባንኩ ከመጠየቅ አለመክፈል ይሻለኛል ብሎ ይተወዋል። በ2022 ታኅሣሥ የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ 2664ን አውጥቶ የሰብዓዊ እርዳታን ከንብረት ማገድ ነፃ ቢያደርግም ባንክ ቤት መስኮት ላይ ያለው ሰው ያንን ወረቀት ማንበብ አለበት፣ እንዲያነብ የሚያደርገው ጠበቃ ነው።

18ኛው አልተመለሰም፣ ይልቅ 21ኛው የሱን ጎን ያዘ፣ ግን በመረጃ። አውሮፓ ኅብረት በ2022 ጥቅምት ለሩሲያ መንግሥትና እዚያ ለተቋቋሙ ድርጅቶች የሕግ ማማከር አገልግሎት መስጠትን ከልክሏል፣ የጠበቆች ማኅበራት ከሰው በ2024 ጥቅምት ተረቱ፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ መከላከል ግን አልተከለከለም። ስለዚህ ሕጉ ራሱ ማማከርንና መከላከልን ለይቷቸዋል፣ እናንተም ለዩአቸው አለ። እኔ በግሌ ከሙሉ ክርክሩ የወሰድኩት ይሄን ነው፣ ባልስማማበትም። 22ኛው ስድብ ስለነበር ተደምስሷል፣ ከስሩም የአወያዩ ማስጠንቀቂያ አለ።

23ኛው ወደ መሬት አወረደን። ኩባንያ ውስጥ ሆኖ የሚሠራ ጠበቃ ነው፣ ፍልስፍናውን ተዉትና ፋይል አያያዝ ተማሩ ባይ ነው። በ2024 ሚያዝያ አሜሪካ የማዕቀብ ጥሰት የሚከሰስበትን ጊዜ ከ5 ወደ 10 ዓመት አሳደገችው፣ አሥር ዓመት ማለት የጻፈው ሠራተኛ ለቆ፣ ኮምፒውተሩ ተጥሎ፣ ኩባንያው ተሸጦ ማለት ነው። የፍትሐ ብሔር ቅጣቱ ደግሞ አላወቅኩም ማለትን አይቀበልም። ጥሰቱን ራስሽ ቀድመሽ ካሳወቅሽ ግን መነሻ ቅጣቱ በግማሽ ይወርዳል፣ ታዲያ የጠበቃው ከባድ ሌሊት የክርክሩ ዋዜማ ሳይሆን ሄደን እንናገር ወይስ ዝም እንበል የሚባልበት ሌሊት ነው። እሱ አንዴ እንናገር ብሎ መክሮ ዳይሬክተሮቹ ለሁለት ወር አላናገሩትም። ቢ ኤን ፒ ፓሪባን ያስታወሰውም እሱ ነው፣ በ2014 ጥፋቱን አምኖ ወደ 8.9 ቢሊዮን ዶላር የከፈለውን ባንክ፤ ከዚያ በኋላ ነው ባንኮች የማዕቀብ ጠበቃ ስልክ ቶሎ ማንሳት የጀመሩት አለ፣ እየቀለደ ይመስለኛል።

24ኛው አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይሄን ሁሉ ሊበላው ነው አለ፣ 25ኛው መቼ ነው የሚበላው እያልኩ እየጠበቅኩ ነው ሥራ በዝቶብኛል አለ። 26ኛው የማስተርስ ማመልከቻ ደብዳቤ አይታችሁ አርሙልኝ ብሎ ለጠፈ፣ ለምን እዚህ እንደለጠፈው አይታወቅም፣ 8ኛዋ ግን አርማለታለች፣ ደግ ሰው ናት።

27ኛው ያው ተማሪ ተመልሶ መጣ። ልምድ የሚሰጠኝ ከሌለ ምን ልለማመድ አለ። ጋሼ 28ኛ ላይ መለሱለት። ቤትህ ውስጥ ካለው ዕቃ አንዱን አንሳ፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ ይሁን፣ ኮድ ስጠውና ለምን እንደሆነ በግማሽ ገጽ ጻፍ አሉት። ልጁ ያነሳው በእጅ እየተዘወረ ቻርጅ የሚሆን፣ ሬዲዮ ያለው የእጅ ባትሪ ነው። አይ ልጅ!

ከዚያ በኋላ ሙያ የሚባል ነገር ተረሳ። ተማሪው 8513 አለ፣ በራሱ ኃይል የሚሠራ ተንቀሳቃሽ መብራት። 29ኛው፣ ያ የተቆጣው ትራንዚተር ነው፣ 8527 ነው፣ የሬዲዮ መቀበያ፣ መብራቱ ጭማሪ ነው አለ። 30ኛው ዲናሞ ስላለው 8501 አለና ሁሉም ሳቀበት። 12ኛዋ ተመልሳ የታሪፍ መጽሐፉን የክፍል 16 ማስታወሻ 3 ጠቀሰች፣ ሁለት ማሽን አንድ ላይ ሲገጠም የሚመደበው በዋናው ሥራው ነው፣ ዋናው የትኛው እንደሆነ መለየት ካልተቻለ ደግሞ የአተረጓጎም ደንብ 3 ሐ አለ፣ በቁጥር መጨረሻ የመጣው ያሸንፋል፣ ስለዚህ መጣም ቀረም 8527 አለች። 17ኛው ደግሞ ቆይ፣ መለየት አይቻልም ያለው ማነው፣ ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈው ምንድን ነው፣ ሰው የሚገዛው መብራት ሲጠፋ ነው ወይስ ዜና ለመስማት አለ። ተማሪው ማሸጊያውን ጥሎታል። 15 እና 16 ደግሞ፣ ሃምሳ ከመቶ ላይ የተጣሉት፣ እዚህ አንድ ሆነው 8513 ላይ ቆሙ። ሰው ይገርማል።

33ኛው የራሴ ነው። እኔም ቤት እንደሱ ዓይነት ባትሪ ስላለኝ ወገን ሳልይዝ በፊት ልፈታው እንደሆነ ጻፍኩ። 34ኛው ጋሼ ናቸው፣ ከመፍታቴ በፊት መብራቱን አጥፍቼ ሬዲዮው ብቻውን ይሠራ እንደሆነ እንዳይ፣ ከፈታሁም በኋላ የባትሪ ድንጋዩ ከየትኛው ክፍል ጋር እንደተያያዘ ሽቦውን እንድከተል መከሩኝ።

በካቻቢቴ ፈታሁት። ሬዲዮው ብቻውን ይሠራል። ከድንጋዩ የሚወጡት ሁለት ቀይ ሽቦዎች አንዱ ወደ አምፖሉ፣ አንዱ ወደ ሬዲዮው ሰሌዳ ነው የሚሄዱት፣ ስለዚህ ሽቦው አላስታረቀንም፣ እኔ ለጊዜው ከ12ኛዋ ጋር ነኝ፣ ካርቶኑ ያለው ሰው ካለ ፎቶ ይለጥፍ። ሰኞ አዲሱ ቢሮ እጀምራለሁ። ባትሪው አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ተበትኗል፣ አንድ ብሎን ጠፍቶብኛል።